አክንባሎውን የሚያነሳ ደመና

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ሥራ ይጀምራል። ረጃጅም የእንጨት ጀልባዎች ከአሸዋው እየተገፉ ውሃ ይገባሉ፤ መረብ ይታጠፋል፣ ነዳጅ ይለካል፣ ማሾ ይፈተሻል። ዛሬ ዛሬ የማሾን ቦታ በባትሪ የሚሠራ አምፖል እየወሰደው ነው፤ ሥራው ግን ያው ነው። ታንዛኒያውያን ዳጋ፣ ኬንያውያን ኦሜና፣ ዩጋንዳውያን ሙኬኔ የሚሏትን ጣት የማታህል ብርማ ዓሣ ወደ መረቡ የሚስባት ብርሃን ነው። ስለዚህ አጥማጁ የሚመርጠው ጨረቃ የሌለበትን ሌሊት ነው።

እነዚህ ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪ «ሳ ቲሳ ኡሲኩ» ካለ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ለእኛ ሰው ትርጉሙን ማስረዳት አያስፈልግም። ሐይቁ ላይ የሚፈራውም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ያለው ጊዜ ነው። ነጎድጓድና መብረቅ የቀላቀለው ዶፍ፣ ከእርሱም የከፋው ድንገተኛ ንፋስ፣ በብዛት የሚመጣው ያኔ ነው። ቪክቶሪያ ከ68 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጣናን ሃያ ጊዜ ያህል ይበልጣል። መሀሉ ላይ ያለ ጀልባ ወጀቡ ከተነሣ በኋላ ቀዝፎ አያመልጥም። በዚህ ሐይቅ በየዓመቱ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰው ይሞታል የሚለው ግምት ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ ቆይቷል።

የሚያሳዝነው ነገር ጀልባዎቹ ሲወጡ በሐይቁ ላይ ያለው ሰማይ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ መሆኑ ነው። አጥማጁ ሰማይ ማንበብ አያቅተውም። ግን ፊቱን ወደ ውሃው አዙሯል፤ የሌሊቱ ምልክት ደግሞ ከኋላው፣ ከሰዓት በኋላ በየብሱ ላይ ተጽፎ አልፏል። ያንን ጽሑፍ ከላይ ሆኖ የሚያነብ ዓይን አለ። የሚያነበው ግን ዝናብን አይደለም፤ ብርድን ነው።

እኔ ይህን የተረዳሁት ተሳስቼ ነው። የሳተላይት ስዕል ለመጀመሪያ ጊዜ በስልኬ ላይ ስከፍት ነጭ የሆነው ሁሉ ዝናብ፣ ጥቁሩ ሁሉ ብራ መሰለኝ። በዚያ ስዕል ተማምኜ ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። የታጠበው ልብስ በሚያዝያ በረዶ ሁለተኛ ታጠበ፤ የቆርቆሮው ጩኸት አብሮኝ ያለውን ሰው ድምፅ እንኳ አላሰማኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን ጨረር ይለቃል። የጋለ ብረት ቀልቶ ስለሚታይ ይህን እናውቃለን። የሰው ገላ፣ መሬት፣ ሐይቅና ደመና ግን የሚለቁት ጨረር ከቀይ በታች ያለ፣ ዓይን የማያየው ነው፤ ኢንፍራሬድ ይሉታል። ከዚህ ጨረር ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ 11 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነው ክፍል በአየር ውስጥ ብዙ ሳይያዝ ወደ ላይ ያልፋል። ሳተላይቷ እርሱን ለክታ እያንዳንዱ ነጥብ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ታሰላለች። ፀሐይ አያስፈልጋትም፤ ቀንና ሌሊት ለእርሷ አንድ ነው። በተለመደው ስዕል ሞቃቱ ጥቁር፣ ቀዝቃዛው ነጭ ይሆናል፤ እጅግ የቀዘቀዘው እንዲለይ ደግሞ ባለሙያዎች ቢጫ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ ቀለም ይሰጡታል።

አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ስለሚቀዘቅዝ የደመናው አናት ሙቀት የከፍታው መለኪያ ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ ደመና ገና ልጅ ነው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የደረሰ ደመና ግን በእኛ አካባቢ ከ16 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ነው፤ ትልቁ የመንገደኛ አውሮፕላን እንኳ ከዚያ ብዙ ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው።

ያ ከፍታ እንዲያው ቁጥር አይደለም። ትሮፖፖዝ የሚባል ወሰን አለ፤ ከእርሱ በላይ አየሩ መቀዝቀዙን ትቶ መሞቅ ይጀምራል። እንጀራ ሲጋገር ይመልከቱ። እንፋሎቱ ከምጣዱ ተነሥቶ አክንባሎው ጋ ሲደርስ መሄጃ ያጣና ወደ ጎን ይሰራጫል። ደመናም እንዲሁ ነው፤ ትሮፖፖዝን ሲነካ ወደ ጎን ተዘርግቶ እንደ ጃንጥላ ይሆናል። እሳቱ ሲበረታ ግን እንፋሎቱ አክንባሎውን ከፍ ያደርገዋል። ከሥር የሚገፋው አየር እጅግ ጠንካራ ከሆነም ደመናው በራሱ ፍጥነት ወሰኑን ጥሶ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ከብዶት ይመለሳል። በኢንፍራሬድ ስዕል ላይ ይህ ጉልላት በጃንጥላው መሀል ከዙሪያው በብዙ ዲግሪ የቀዘቀዘ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ዕድሜውም በደቂቃዎች ይቆጠራል። በረዶ፣ አውሎ ንፋስና የመብረቅ ናዳ የሚወርደው በአመዛኙ ከእንዲህ ዓይነቱ ጉልላት ሥር ነው።

በደቂቃ የሚኖርን ነገር ለማየት ዓይንን ሳይነቅሉ መጠበቅ ግድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ኢትዮጵያ በ2019 መጨረሻ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ስታመጥቅ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ሰው «ከእንግዲህ ዝናቡን ቀድመን እናውቃለን» ሲል ሰምቻለሁ። ያቺ ሳተላይት የተሠራችው ለሌላ ሥራ ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ምድርን እየዞረች እርሻን፣ ደንንና ከተማን በቅርበት እንድታነሣ ነው፤ አንድን ቦታ አይታ የምታልፍ ነበረች። ነጎድጓድ የሚጠብቅ ሳተላይት ግን ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ፣ ከአንድ ቦታ ላይ አይነቃነቅም። ርቀቱ ዝርዝሩን ይቀንስበታል፤ መቆሙ ግን ጊዜን ይሰጠዋል።

ይህን ለማግኘት ብዙ ዓመት ወስዷል። በ1960 የመጠቀችው ቲሮስ-1 ደመናን በቀን ብርሃን አሳየች፤ በ1964 ኒምበስ-1 የሌሊቱን በኢንፍራሬድ አሳየች። ሁለቱም ግን አይተው የሚያልፉ ነበሩ። በ1966 አሜሪካዊው ቨርነር ሱኦሚ የሠራው ካሜራ ከቆመችው ሳተላይት፣ ከኤቲኤስ-1 ላይ፣ የደመናን እንቅስቃሴ እንደ ፊልም አሳየ። ከ1974 ጀምሮ ኤስኤምኤስ-1 ቀንም ሌሊትም ማየት ቻለች። አውሮፓውያን በ1977 ሜቲዮሳት-1ን ካመጠቁ ወዲህ አፍሪካ በየ30 ደቂቃው መነሣት ጀመረች። በ2002 የመጠቀችው የሁለተኛው ትውልድ ሜቲዮሳት ያንን ወደ 15 ደቂቃ አሳጠረችው። አሥራ አምስት ደቂቃ በወረፋ ለቆመ ሰው ረጅም ነው፤ ለነጎድጓድ ደመና ደግሞ የዕድሜው ግማሽ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ሙያው ያለው። ጀማሪ የሚጠይቀው «ደመናው ስንት ዲግሪ ነው?» ብሎ ነው። የለመደው ባለሙያ ግን «ቅድም ስንት ነበር?» ይላል። ከዜሮ በታች 75 ዲግሪ የሆነ ትልቅ ነጭ ጃንጥላ ዝናቡን አራግፎ የሞተ ደመና ሬሳ ሊሆን ይችላል። ከጎኑ ያለችው፣ ገና ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነች ግን በየስዕሉ የምትቀዘቅዝ ነጥብ ናት የምታስፈራው።

ይህን በቁጥር ካስቀመጡት አንዷ በአሜሪካ ቦልደር ከተማ ባለው ብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል የሠሩት ሪታ ሮበርትስ ናቸው። ከስቲቨን ሩትሌጅ ጋር በ2003 ባሳተሙት ጥናት የምሥራቅ ኮሎራዶን ደመናዎች በሳተላይትና በራዳር ጎን ለጎን ተከታተሉ። የደመናው አናት ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ በተለይ በ15 ደቂቃ ውስጥ 8 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲቀዘቅዝ፣ ብርቱ ነጎድጓድ እየተወለደ ነው። 8 ዲግሪ ማለት ደመናው በሩብ ሰዓት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። ራዳር የሚያየው በደመናው ውስጥ ያደገ የዝናብ ጠብታን ስለሆነ እስኪያድግ ይጠብቃል። ሳተላይቷ ግን የደመናውን መነሣት ራሱን ስለምታይ እስከ 30 ደቂቃ ትቀድማለች። ግማሽ ሰዓት ሰብል ለመሰብሰብ አይበቃም፤ ከብት ከሜዳ ለማስገባት፣ ልጅ ከወንዝ ለመጥራት ግን ይበቃል።

የጉልላቱን ነገር ቀድሞ ያሳደደው በአውሎ ንፋስ መለኪያው የሚታወቀው ቴድ ፉጂታ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሊርጄት አውሮፕላን እየበረረ የነጎድጓድ ደመናዎችን አናት ከጎን ይመለከት ነበር። ጉልላቶቹ ሲወጡና ሲፈርሱ መሬት ላይ ከሚሆነው ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ለማወቅ ነበር ልፋቱ። ዛሬ ያንን ሥራ ኮምፒውተር ይሠራዋል። የናሳው ክሪስቶፈር ቤድካ በኢንፍራሬድ ስዕል ላይ ከዙሪያቸው የቀዘቀዙ ነጥቦችን እየለቀመ ጉልላት የሚያወጣ ዘዴ ሠርቷል። እርሱና ባልደረቦቹ በ2018 ደግሞ በአሜሪካ ማዕበሎች ላይ ሌላ ምልክት አጠኑ፤ ከጉልላቱ ጀርባ፣ ከጃንጥላው በላይ፣ እንደ ጭስ የሚጎተት ቀጭን ደመና። እርሱ ከታየ በኋላ በአማካይ በ31 ደቂቃ ውስጥ ከባድ በረዶ ወይም አጥፊ ንፋስ ይከተላል።

የቤድካ ዘዴ ከአሜሪካ ሜዳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ መጣ። ቤልጂየማዊው ዊም ቲሪ ከቤድካና ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2016 ባሳተመው ጥናት በሜቲዮሳት ስዕሎች ላይ የጉልላቶችን ቦታና ሰዓት ቆጠረ። ውጤቱ እንደ ሰዓት የሚሠራ ዑደት ነው። ቀን ቀን የብሱ ይሞቃል፣ ውሃው ከእርሱ ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ንፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው ይነፍስና ጉልላቶቹ በሐይቁ ዙሪያ፣ በየብሱ ላይ፣ ቀለበት ሠርተው ይታያሉ። መሀሉ ባዶ ነው። ሌሊት ሁሉም ይገለበጣል። የብሱ ይቀዘቅዛል፣ ሐይቁ ሙቀቱን ይይዛል፤ ንፋስ ከዳርቻው ሁሉ ወደ ውሃው ይገባና መሀል ላይ ይጋጫል። የሚጋጭ አየር ወደ ላይ እንጂ ሌላ መሄጃ የለውም። ቀለበቱ ጠፍቶ ጉልላቶቹ ሐይቁ ላይ ይሞላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት ግን ቀኑና ሌሊቱ የተያያዙ መሆናቸው ነው። ከሰዓት በኋላ በየብሱ ላይ የሚነሡት ነጎድጓዶች በበረቱ ቁጥር ሌሊቱ በሐይቁ ላይ አደገኛ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። አጥማጁ ሲወጣ ከኋላው አልፏል ያልኩት ጽሑፍ ይህ ነው። ቲሪና ባልደረቦቹ በዓመቱ በዚህ ላይ የተመሠረተ የማስጠንቀቂያ ዘዴ አቀረቡ። ማሾው ከመለኮሱ በፊት በሚነሡት ስዕሎች የሌሊቱን አደጋ የሚገምት ነው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እጅግ የሚደንቀኝ ይህ ነው። የግማሽ ሰዓት ማስጠንቀቂያ ሐይቅ መሀል ላለ ሰው ብዙ አይጠቅምም። ጀልባው ገና አሸዋ ላይ ሳለ የሚደርስ ቃል ግን ሰውየውን ቤቱ ያሳድረዋል።

የ2016ቱ ጥናት ወደፊትም ተመልክቷል። የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት በከፍተኛ ደረጃ እየጨመረ ከቀጠለ፣ ዛሬ በ15 ዓመት አንድ ጊዜ የሚከሰተው እጅግ ከባድ ማዕበል በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በየዓመቱ ለማለት በሚያስችል ድግግሞሽ ሊመጣ ይችላል።

በ2017 በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መሪነትና በብሪታንያ መንግሥት ገንዘብ ሃይዌይ የተባለ ፕሮጀክት በሐይቁ አካባቢ ተጀመረ። የኬንያ፣ የዩጋንዳ፣ የታንዛኒያና የሩዋንዳ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቶች አብረው ሠሩበት። ሳይንሳዊ ጥናቱን ካካሄዱት መሀል ከላይ በኮሎራዶ የተዋወቅናቸው ሪታ ሮበርትስ ይገኙበታል። ለአጥማጆች የሚሰጠው ትንበያ ተቀየረ። «አልፎ አልፎ ዝናብ ይኖራል» ከሚለው ይልቅ ንፋሱ ምን ያህል ይበረታል፣ ማዕበሉ ምን ያህል ይነሣል፣ የትኛው የሐይቁ ክፍል ይከፋል የሚለው ተነገረ። «አልፎ አልፎ» የሚል ትንበያ ጀልባ ላለው ሰው ምንም አልተናገረም፤ ይህ ለእኛም ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚሆን ነገር ነው።

ስዕሉ ሁሉን ያያል ብዬ አላታልልም። የሚናገረው ስለ ጣሪያው ብቻ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ያለውን ይገምታል እንጂ አያይም። ስስ፣ ከፍተኛ፣ ዝናብ የሌለው ደመና በብርዱ ብቻ ነጎድጓድ መስሎ ሊያሳስት ይችላል። ከጎን የማየት ችግርም አለ። ዋናዋ ሜቲዮሳት የቆመችው ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ ስለሆነ ቪክቶሪያን የምታየው አዘንብላ ነው። 16 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለውን የደመና አናት ከትክክለኛው ቦታው ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ አሽሽታ ታሳያለች። ይህን የማያርም ሰው ዝናቡን በጎረቤት ወረዳ ላይ ያወርደዋል። ለኢትዮጵያ የተሻለ እይታ ያላት ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የቆመችው ሜቲዮሳት-9 ናት፤ ከ2022 ጀምሮ 45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነች ከሞላ ጎደል ከራሳችን በላይ ናት ማለት ይቻላል።

በእኛ ተራሮች ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ያጋጥማል። ንፋስ ተራራ ሲመታ አየሩ ሽቅብ ይገፋና ብዙም ሳይረዝም፣ ብዙም ሳይቀዘቅዝ ዶፉን ያወርዳል። በኢንፍራሬድ ስዕል ላይ ይህ ደመና ሞቃት ነውና ዝናብ ያለው አይመስልም። ቆላው ላይ በአንጻሩ ቀዝቃዛ ደመና ይታያል፣ ጠብታው ግን መሬት ሳይደርስ በደረቁ አየር ይተናል። የኢትዮጵያን ዝናብ በሳተላይት ለመገመት የደከሙት እንደ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ያሉ ባለሙያዎች የሳተላይቱን ግምት በየወረዳው ካሉት የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ጋር ማዋሐድ ግድ የሆነባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ኢናክትስ የሚባለው ይህ የማዋሐድ ሥራ የተጀመረው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ስለዚህ በአንድ ገጠር ትምህርት ቤት ግቢ የቆመችው ተራ የዝናብ መለኪያ ሳተላይት መጣ ተብላ የምትጣል አይደለችም።

የእኛ ደጋ በሌላ በኩል ለዚህ ሳይንስ ባለውለታ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚከመረው ደመና ሁልጊዜ እዚያው አይሞትም። አንዳንዱ ተሰባስቦ ወደ ምዕራብ ይጓዛል፤ ሱዳንንና ቻድን ያቋርጣል። ክሪስቶፈር ሂልና ዩ-ላንግ ሊን በ2003 የሜቲዮሳትን የኢንፍራሬድ ስዕሎች ወደኋላ እየገለጡ በ2000 የተነሣውን አልቤርቶ የተባለ የአትላንቲክ ሃሪኬን ምንጭ ፈለጉ። አልቤርቶ በነሐሴ ለሦስት ሳምንት ያህል ውቅያኖሱ ላይ ሲንከራተት የኖረ ነው። ዱካው ያደረሳቸው በሐምሌ መጨረሻ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ወደተነሣ የነጎድጓድ ክምችት ነበር። እኛ ጃንጥላ ዘርግተን ያለፍነው ዝናብ አህጉር አቋርጦ ስም ወጣለት።

በመንገዱ ላይ ያሉት የሳህል አገሮች ደግሞ ሌላ ነገር አይተዋል። ክሪስ ቴይለርና ባልደረቦቹ በ2017 ከ1982 ጀምሮ የተከማቹትን የሜቲዮሳት ስዕሎች መርምረው እጅግ ከባድ የሆኑት የሳህል ማዕበሎች ድግግሞሽ በሦስት እጥፍ ማደጉን አገኙ።

አሁን ሦስተኛው የሜቲዮሳት ትውልድ መጥቷል። በታኅሣሥ 2022 ከፈረንሳይ ጊያና የመጠቀችው ሜቲዮሳት-12 ሙሉውን የምድር ገጽታ በየ10 ደቂቃው ታነሣለች። ከቀደመችው የምትለይበት ግን ሌላ ነው፤ መብረቅን ራሱን የሚቆጥር መሣሪያ ይዛለች፣ አፍሪካም በእይታዋ ውስጥ ናት። ከዚህ በፊት ከብርዱ እንገምተው የነበረውን ብልጭታ አሁን በቀጥታ ታየዋለች። ባለሙያው እየቀዘቀዘ ያለውን ነጥብና የመብረቁን ቁጥር አንድ ላይ ሲያይ «ይሆን ይሆናል» የሚለው ነገር ይቀንስለታል።

እርስዎም ቢሆኑ ስዕሎቹን ማየት ይችላሉ፤ የአውሮፓው የሳተላይት ድርጅት በነጻ ያወጣቸዋል። ከሰዓት በኋላ 7 ሰዓት ላይ ይክፈቱ፤ ሩብ ሰዓት ቆይተው ደግመው ይክፈቱ። ትልቁን ነጭ ይተዉት፤ በሁለቱ ስዕሎች መሀል ቀለሟ የተለወጠችውን ትንሽ ነጥብ ይፈልጉ። ኢንተርኔት ከሌለም ዓይን አለ፤ እንደ አበባ ጎመን እየፈነዳ ሽቅብ የሚወጣ ደመና ያንኑ ይናገራል። ነጎድጓድ ከሰሙ ግን ስዕል የመመልከቻው ጊዜ አልፏል። ዛፍ ሥር አይጠለሉ፤ ሜዳ ላይ ያሉ እረኞችንም ጠርተው ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግቡ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይውጡ።